«የበርበሬ ዋጋ ይሰማዋል፣ እኔን አይሰማኝም»

ሰላም እህቴ። ከፍኖተ ሰላም የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልሽ በርበሬ ነጋዴ ነው። ማታ ሒሳብ ሲሠራ የልጃችሁን ትኩሳት ነገርሽው፣ «እሺ» አለሽ፤ ጠዋት ግን «መቼ ነገርሽኝ?» ብሎ ድርቅ አለ። በማግስቱ ቡና ላይ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዞ ሳለ፣ በር ላይ የቆመ ሰው ስለ በርበሬ ሲያነሳ ግን ዞር ብሎ «ስንት ገባ?» አለ። «ከበርበሬ አነስኩ» ብለሻል። ያማል፣ ይገባኛል።

ሆን ብሎ የካደሽ ግን አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሊን ቼሪ የሚባል ተመራማሪ በሰዎች ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ንግግር እያሰማ አንዱን ብቻ ተከትለው እንዲደግሙ አደረገ። በሌላው ጆሮ ምን እንደተባለ ሲጠየቁ፣ ድምፁ ከወንድ ወደ ሴት መለወጡን ያውቃሉ፣ የተነገረውን ግን አያውቁትም። ባልሽም ቁጥር እየደመረ ድምፅሽ ደርሶታል፣ ነገሩ አልደረሰውም። «እሺ» ያለው አፉ ብቻ ነው።

በርበሬውስ? እ.ኤ.አ. በ1959 ኔቪል ሞሬይ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ተመሳሳይ ሙከራ ሲሠራ፣ ችላ ባሉት ጆሮ በኩል የገዛ ስማቸው ሲጠራ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ሰማ። አእምሮ አጥብቆ ለሚጠብቀው ነገር በሩን ጨርሶ አይዘጋም። አንቺም እኮ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተኝተሽ ታድሪያለሽ፣ ልጅሽ ሲያቃስት ግን ትባንኛለሽ። ገንዘቡ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ዋጋ ጆሮው አይተኛም፤ ይሄ ስጋት ነው፣ ካንቺ አስበልጦት አይደለም።

ይህን ስል ግን ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ትኩረት ሲፈልጉ የሚያዞሩት ነገር ነው፣ እሱም ማዞር አለበት። ከእራት በኋላ ደብተሩንና ስልኩን ግማሽ ሰዓት ያስቀምጥልሽ፤ ይህን በግልጽ ጠይቂው፣ ስትናደጂ ሳይሆን ሰላም በሆናችሁበት ሰዓት። አንቺም ከማድቤት ሆነሽ አትንገሪው። አጠገቡ ሂጂ፣ ትከሻውን ነካ አድርጊው፣ ቀና ብሎ እስኪያይሽ ጠብቂ፣ ከዚያ ተናገሪ። ከባድ ጉዳይ ከሆነ «ምን አልኩህ?» በይው።

ሥራ ሳይዝ፣ ፊት ለፊት እያየሽም የማይሰማሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ጆሮውን ሐኪም ይይለት። ጆሮው ደህና ሆኖ ከቀጠለ ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ጻፉልኝ።

የልጁስ ትኩሳት እንዴት ሆነ? ካልበረደለት ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።