ሬዲዮው «ከመደበኛ በላይ» አለ፣ የአባቴ ማሳ ግን ደረቀ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከሪያድ ነው፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤተሰቦቼ ቆቦ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ግንቦት ላይ ሬዲዮ ክረምቱ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ይሆናል አለ። አባቴ ያንን ሰምቶ ማሽላውን ዘራ። በቀለ፣ ከዚያ ጠውልጎ ቀረ። ዛሬ ሐምሌ 10 ነው፣ ከአንድ ቀን ካፊያ በቀር ጠብ ያለ ነገር የለም። ወልድያ ያለችው እህቴ ግን «እኛ ጋ ጭቃው አላስወጣ አለን» ትለኛለች። አባቴ እንደገና ማሽላ ልዝራ፣ ለዘር ብር ላኪ ይላል። ወንድሜ ደግሞ ስልኩ ላይ «ነገ 80 ከመቶ ዝናብ» የሚል እያሳየ ያጣድፈዋል። ልላክ ወይስ ይቅር? ትንበያው ውሸት ነው? የዕርዳታ ዝርዝር ውስጥስ ለምን አልገቡም?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን ላኪ። ለማሽላ ግን እንዳትልኪ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

እኔ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ፣ የተጠራቀመውን ለክቼ እመዘግብ ነበር። አንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ጻፍኩ። ጥሩ ዝናብ ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 30 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ገበሬ መዝገቡን አይቶ «ይሄን የጻፍከው ለማን አገር ነው?» አለኝ። እሱ ጋ አቧራው እንኳ አልረጠበም ነበር። የክረምት ነጎድጓድ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጥቁር ደመና ይነሳል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ሁሉ ያራግፋል፣ በቃ። ወልድያ ዘነበ ማለት ቆቦ ዘነበ ማለት አይደለም።

ሬዲዮው የተናገረው ደግሞ ስለ አባትሽ ማሳ አልነበረም። የወቅት ትንበያ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ያለውን ዝናብ ደምሮ፣ ለሰፊ አካባቢ የሚነገር የዕድል ስሌት ነው። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ 40፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 25 ከመቶ ይባላል እንበል። ዜናው ላይ የሚነበበው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያቺ 25 ትረሳለች። ከአራት ዓመት አንዱን የምታህል ነገር ናት እኮ! ሌላው ጣጣ፣ ድምሩ ስለ አወራረዱ ምንም አይናገርም። ሰኔንና ሐምሌን ነፍጎ ነሐሴ ላይ በጎርፍ ቢያካክስ፣ ወረቀቱ ላይ «መደበኛ» ይባላል። ማሽላው ግን ያኔ የለም። ስለዚህ ውሸት አልልሽም። አነባበቡ ላይ ግን ቅር ይለኛል፣ ሁሌም ይለኝ ነበር።

የወንድምሽ ስልክ የባሰ ነው። መተግበሪያው ሰፋ ያለ መሬት እንደ አንድ ቦታ አድርጎ ነው የሚያሰላው። የቆቦ ሜዳ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ምዕራቡ ደግሞ ገደል የሚያክል ተራራ ነው። ተራራው ላይ የሚጥለውን ዝናብ ሜዳው ላይ ቢያሳይ አይገርምም። ለነገ ዘር እሱን አትመኑ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ መከታተል ይሻላል። እሱም ቢሆን አቅጣጫ ነው የሚሰጠው።

አሁን ወደ ማሽላው። የአገሬው ማሽላ አምስትና ስድስት ወር ይፈልጋል። ቆቦ ላይ ደግሞ ዝናቡ ጳጉሜን አካባቢ ጓዙን መጠቅለል ይጀምራል። ቢበዛ ሃምሳ ምናምን ቀን ነው የቀረው። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ነገር ይሁን፤ ማሾ፣ ወይም እንደ ቦሰት ያለ ፈጣን የጤፍ ዘር። ጥቁር አፈር ካላቸው ከፊሉን መሬት ዝናቡ ሲወጣ በእርጥበት ለሚበቅል ሽምብራ ያቆዩት።

መቼ ይዝራ? መሬቱን ይጠይቅ። ቤት ውስጥ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የኒዶ ጣሳ አይጠፋም። ዛፍና ጣሪያ የማይከልለው ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃውን በልጆች ማስመሪያ ይለካ። በሦስት ቀን ውስጥ ተደምሮ 2 ሳንቲ ሜትር ከሞላ መዝራት ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ዘሩ በቅሎ እንደ ፊተኛው ይከዳዋል። በእጁም ቆፍሮ ይይ፤ እርጥበቱ ስንዝር ካልገባ ይታገሥ።

አንድ ነገር አደራ! ያን የጠወለገ የማሽላ ቡቃያ ከብቶቹ እንዳይግጡት። በተለይ ካፊያ አግኝቶ እንደገና ሲያቆጠቁጥ መርዝ አለው፤ በሬ ይጥላል። ብዙ ሰው በድርቅ ዓመት ዘሩን አጥቶ በሬውንም የሚያጣው በዚህ ነው። ከላክሽው ብር ጥቂቱ ለገለባ ይሁን። ፍየል ካላቸው ሳይከሱ አንድ ሁለቱን ይሽጡ።

ስለ ዕርዳታው፣ የሚያናድድሽን ልንገርሽ። ሴፍቲኔቱ፣ ለተመዘገቡ ችግረኛ ቤተሰቦች እህል ወይም ብር የሚከፍለው፣ 1997 ዓ.ም. የተጀመረ ፕሮግራም ነው። ዝርዝሩ አስቀድሞ የተዘጋ ነው፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ሐምሌ ላይ የደረቀን ማሳ አያይም። የድንገተኛው ዕርዳታ ደግሞ ጥናት ይጠብቃል፤ ዋናው ጥናት የሚደረገው ኅዳር ገደማ ምርቱ ሲታይ ነው። ኤልኒኖ፣ ያ ክረምታችንን የሚያዛባው የውቅያኖስ ሙቀት፣ የመታንን 2007ን አስታውሺ። ነሐሴ ላይ ዕርዳታ ፈላጊው 4.5 ሚሊዮን ተባለ። ጥቅምት አካባቢ 8.2 ሆነ። ታኅሣሥ 2008 ላይ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ዝናቡ የከዳው ግን ከወራት በፊት ነበር። በዚያ ላይ ወረዳው በአማካይ ይታይና ግማሹ ቀበሌ ከዘነበለት፣ ያልዘነበለት ይዋጣል።

ስለዚህ አባትሽ ብቻውን ቀበሌ እየሄደ አይመላለስ። ማሳቸው የደረቀባቸው ጎረቤቶች ሰብሰብ ብለው የልማት ሠራተኛውን ማሳው ድረስ ይውሰዱት። ስንት ጥማድ እንደተዘራ፣ ስንቱ እንደደረቀ፣ ቀኑ ተጽፎ ወደ ወረዳው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል ይለፍ። ወንድምሽ ፎቶ ያንሳ። አሁን፣ ቡቃያው ቆሞ ሳለ። ነሐሴ ላይ አረሙ ሲሸፍነው ማንም አያምናቸውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ እህሉ ከጥር በፊት ቤታቸው ላይደርስ ይችላል። ዘሩንና ገለባውን ከሸፈንሽ በኋላ ብር ከተረፈሽ በእጃቸው አትተዪው። ገበያው ሳይወደድ አንድ ኩንታል እህል ይግዙበትና ጎተራ ይክተቱት።