አንድ ራይት፣ ሁለት ራይት፦ ስለዘገየ መልስ ለጠየቃችሁኝ

ሐዋሳ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ ከተሰበረ መስታወት እኩል የሚያማክሩኝ ስላልመጣ መልስ ነውና ጠይቁ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ለእጮኛዬ የላክሁት ከትናንት ጀምሮ አንድ ራይት ብቻ ነው። ስልኳን ዘግታብኝ ይሆን?

ከዚያ አይታወቅም። በቴሌግራም አንድ ራይት መልእክቱ ሰርቨሩ (የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ዘንድ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለት የሚሆነው ስትከፍተው ነው። ስልኳ በርቶ እጇ ላይ ቢሆንም አንድ ሆኖ ይቆያል። ዋትስአፕ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ሲሆን ተልኳል፣ ሁለት ግራጫ ሲሆን ስልኳ ላይ ደርሷል፣ ሰማያዊ ሲሆን ተከፍቷል። የአንዱን ሕግ ለሌላው እየሠሩበት የተኳረፉ ስንቱን አይቻለሁ!

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። በእረፍት ሰዓት አነብባለሁ፣ ለመመለስ ግን ጊዜ የለኝም። ባለቤቴ «አይተሽ ዝም አልሽ» ይላል። ሰማያዊውን ላጥፋው?

ይጠፋል፤ ዋትስአፕ ምልክቱን በ2014 እ.ኤ.አ. ካመጣው ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያውንም ጨምሯል። ነገር ግን የሌላውንም ማየት ትተያለሽ፤ በቡድን ውስጥ ደግሞ አይጠፋም። እኔ ብሆን አላጠፋውም፤ ጠፍቶ ሲያይ ደግሞ «ምን ደብቃ ነው?» ይላላ! የፈረቃሽን ሰዓት ንገሪው፤ «ማታ እደውላለሁ» የምትል አጭር መልእክትም ተዘጋጅታ ትቀመጥ።

ጥያቄ፦ መልስ ስጠብቅ በየደቂቃው ስልኬን እከፍታለሁ። በሽታ ነው?

በሽታ ለማለት አልደፍርም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር እህሉ መቼ እንደሚመጣ የማያውቁ እርግቦች እህል የሚያወጣላቸውን የማሽን ቁልፍ ሳይታክቱ በመንቁራቸው ሲመቱ ተመልክቷል። አንዳንዴ የሚመጣ መልስም እንዲሁ ያደርጋል። ብልሃቱ መልሱን ለምትጠብቀው ሰው ብቻ የተለየ ድምፅ መስጠትና የሌሎቹን ዝም ማሰኘት ነው። ያ ድምፅ ካልተሰማ የሚከፈት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል» ይለኛል። አግዶኝ ነው?

ወይ አግዶሃል፣ ወይ ከወር በላይ አልገባም። ጽሑፉ አይለየውም።

ጥያቄ፦ በልጅ ልጄ አስጽፌ ነው። ልጄ ቤሩት ናት፤ ሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። በዋትስአፕ አንድ ራይት ነው።

እናቴ፣ ስልኳ ጠፍቶ ወይም ኢንተርኔት አጥታ ሊሆን ይችላል፤ ማገድም ቢሆን እንዲሁ ያሳያል፣ እሷ ግን ያንን አታደርግም። ራይቱን ማየት ይተዉና በመደበኛው መስመር ይደውሉላት። ካላነሳች ለአብሮ አደግ ጓደኛዋ፣ ቀጥሎም ለአሠሪዋ። ቁጥሮቹ በወረቀት ካሉ ይዘው ይምጡ፤ እዚሁ ሱቅ ሆነን አብረን እንደውላለን።