ተከሳሽ ሁሉ ወንጀለኛ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ «ብድር አልመለስክም» ተብዬ መጥሪያ ደረሰኝ። ወረቀቱ ላይ «ፍትሐ ብሔር» ይላል፤ ከስሜ ፊት «ተከሳሽ» ተጽፏል። ብሔር እዚህ ምን አገባው? ቤተሰቦቼ ደግሞ «ተከሳሽ» የሚለውን ሲያዩ ልታሰር መስሏቸው ደነገጡ።

መልስ፦ መጀመሪያ ቤተሰብዎን ያረጋጉ። ይህ ብሔር ዛሬ የምናውቀው ብሔር አይደለም። በግእዝ ብሔር አገር፣ ምድር ማለት ነው። «እግዚአብሔር» ውስጥ ያለውም እሱ ነው። «ፍትሕ» ወደ «ፍትሐ» የተለወጠው «ቤት» በ«ቤተ መጻሕፍት» ውስጥ እንደተለወጠው ነው። ስለዚህ ቃል በቃል «የአገር ፍትሕ» እንደማለት ነው፤ ፍርድ ቤት ሲለው ግን ወንጀል ያልሆነ፣ እንደ ብድር ያለ ክርክር ማለቱ ነው። በአፍ «ፍታብሔር» ሲባል ይሰማሉ። ሲያወሩ ችግር የለውም፤ ሲጽፉ ግን «ሐ»ን አይዋጧት።

ጣጣው ያለው «ተከሳሽ» ላይ ነው። አማርኛ ለወንጀሉም ለብድሩም አንድ ቃል ሰጥቶ ቁጭ አለ። ልዩነቱ ከሳሹ ነው። በወንጀል አብዛኛውን ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ በፍትሐ ብሔር ግን «ገንዘቤን» የሚለው ሰውዬ ራሱ። ስለዚህ ቢሸነፉ እንኳ «ተረታ» ወይም «ተፈረደበት» ይባላል እንጂ «ጥፋተኛ ተባለ» አይባልም።

ስሙም ቢሆን አብሮዎት አይዘልቅም። ተረትተው ይግባኝ ካሉ «ይግባኝ ባይ» ይሆናሉ፤ ከሳሽዎ «መልስ ሰጪ»። ሳይከፍሉ ቀርተው ጉዳዩ ወደ አፈጻጸም (ፍርዱን ወደ ማስፈጸም) ከሄደ ደግሞ እርስዎ «የፍርድ ባለዕዳ»፣ እሱ «የፍርድ ባለመብት»።

በመሃል የምወዳት ቃል አለች፦ «ጭብጥ»። የመከላከያ መልስዎን ካስገቡ በኋላ ዳኛው የሁለታችሁን ወረቀት አይተው የማትስማሙበትን ነጥብ ነጥለው ያወጣሉ። ያኔ «ጭብጥ ተያዘ» ይባላል። ገንዘቡን መውሰድዎን ካመኑ «ተበድሯል ወይ?» ጭብጥ አይሆንም፤ «መልሷል ወይ?» ግን ይሆናል። ማስረጃና ምስክርም የሚሰማው በዚያ ላይ ነው። ቃሉ ከ«ጨበጠ» የመጣ ነው። ስለ ልብ ወለድ ሲወራ ጭብጥ ዋና ሐሳብ ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ክርክሩ የሚጨበጥበት እጀታ በሉት።

መጥሪያው ላይ ያለችውን ቀን ደግሞ አይርሷት። ከቀሩ ክርክሩ «ተከሳሹ በሌለበት» ሊቀጥል ይችላል። ይህ ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ ሌላ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ አልፈልግም።