ሴሚናሩ በፎቶሾፕ፣ ላፕቶፔ ላይ ያለው ጂምፕ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በአንድ ፎቶ ቤት ረዳት ሆኜ ጉርድ ፎቶ ሳነሳና ሳትም ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ የሁለት ቀን የፎቶ ኤዲቲንግ ሴሚናር አለ። ክፍያው፣ መጓጓዣውና ማደሪያው ሲደመር የወር ደመወዜን ይጨርሳል። የሚሰጠው በፎቶሾፕ ነው፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ግን ጂምፕ የተባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው፣ ራሙም 8 ጊጋ ብቻ። የሠርግ አልበም የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ኤዲተር ሆኜ መቀጠር እፈልጋለሁ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? የትኛውን ሶፍትዌር ልያዝ?

መልስ፦ እህታችን፣ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ለአዘጋጆቹ ደውዪና የሁለቱን ቀን ዝርዝር ጠይቂ። «መግቢያ፣ ቱሎች፣ ሌየር፣ ፊልተር፣ ጽሑፍ» እያለ የሚሄድ ከሆነ ይቅርብሽ፤ እሱን ቤትሽ ተቀምጠሽ በሁለት ሳምንት ትለቅሚዋለሽ። ከካሜራ የወጣ ያልተነካካ የሠርግ ፎቶ ወስዶ እስከ ኅትመት የሚያደርስ ከሆነ ግን የወር ደመወዝሽ ያስቆጫል አልልም። አያይዘሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ አንድ ኮምፒውተር ለስንት ሰው ነው? የራሴን ፎቶ ይዤ መምጣት እችላለሁ? የመልመጃ ፋይሎቹ ይሰጡናል? ሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ መሐል ያለው ይሠራል፣ ግራና ቀኙ ያያል። የምስክር ወረቀቱን ብዙ አትቁጠሪው። ስቱዲዮ የሚቀጥርሽ ፎቶ ሰጥቶሽ ስትሠሪ አይቶ ነው።

የምትሄጂ ከሆነ በፍላሽ አምስት ያስቸገሩሽን ፎቶዎች ያዢ፤ ቢቻል ራው (ካሜራው ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ሆነው። አንዱ ፀሐይ ላይ ነጭ ልብሱ ተቃጥሎ የቀረ፣ አንዱ በቀለም ድንኳን ሥር የተነሳ፣ አንዱ ጨለማ ውስጥ ተነስቶ ነጠብጣብ የበዛበት ይሁን። ማስታወሻ ስትይዢ የተጫነውን ቁልፍ አትጻፊ፤ ቁልፉ በየሶፍትዌሩ ይለያያል። ጉድለቱ ምን ነበር፣ በምን አስተካከለው፣ በምን ያህል ቁጥር፣ ለምን እዚያ ላይ አቆመ፤ እነዚህን ጻፊ። አሠልጣኙ ከርቭን (የብርሃን ማስተካከያውን መስመር) ወደ ላይ ጎትቶ «አሁን ቆንጆ ሆነ» ካለ «ከዚህ በላይ ብስበው ምን ይበላሻል?» ብለሽ ጠይቂው። ጥሩ አሠልጣኝ አበላሽቶ ያሳይሻል።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ «ፎቶሾፕ ወይስ ጂምፕ» የሚለው ጥያቄ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው። የሠርግ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። የመጀመሪያው ከአንድ ሠርግ የመጣውን 1,500 ፎቶ መምረጥ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን በጅምላ ማመሳሰል ነው። ይህ ላይትሩም፣ ካፕቸር ዋን፣ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የተባሉት ሶፍትዌሮች ሥራ ነው። ሁለተኛው ለአልበም ሽፋንና ለግድግዳ የተመረጡትን ጥቂቶች አንድ በአንድ ማጽዳት ነው፤ ፎቶሾፕ፣ ጂምፕ፣ አፊኒቲና ፎቶፒያ የሚመጡት እዚህ ጋ ነው። ብዙ ጀማሪ በሁለተኛው ብቻ ይሠለጥንና 1,500ውን ፎቶ አንድ በአንድ ፎቶሾፕ ውስጥ ሲከፍት ይገኛል። ቀጣሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ይህንን ነው።

ስለዚህ ከየወገኑ አንድ አንድ ያዢ። ለጅምላው ዳርክቴብልን ጫኚ፤ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም ይሠራል። ከአንድ ብርሃን የተነሱትን 40 ፎቶዎች ለይተሽ አንዱን ታስተካክያለሽ፣ ማስተካከያውን ቀድተሽ በቀሩት 39 ላይ ትለጥፊያለሽ። በላይትሩምም አሠራሩ ያው ነው፤ ስሙ ሲንክ ይባላል። የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ዳርክቴብል ይንቀራፈፋል፣ ለመማሪያ ግን ይበቃል። ስቱዲዮ ገብተሽ ላይትሩም ክላሲክ ሲያጋጥምሽ አንድ ልዩነት አትርሺ። ዳርክቴብል ማስተካከያውን በራሱ ዳታቤዝ ከመያዙ በተጨማሪ ከፎቶው ጎን በትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፤ ላይትሩም ክላሲክ ግን ካላዘዝሽው በስተቀር ሁሉንም ካታሎጉ (የራሱ መዝገብ ፋይል) ውስጥ ነው የሚይዘው። ፎቶዎቹን ከላይትሩም ውጭ በዊንዶውስ ፎልደር ካዘዋወርሻቸው ካታሎጉ ፋይሉ የት እንደሄደ አያውቅም፣ ፎቶው ላይም ምልክት ያወጣብሻል። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀኑን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ለአንድ በአንዱ ሥራ ጂምፕሽን አትጣዪው። በመጋቢት 2025 በፈረንጆች የወጣው 3.0 ከቀድሞው በእጅጉ ይሻላል። ዱሮ ፊልተር ከተደረገ በኋላ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም ነበር፤ አሁን ፊልተሩ ሌየሩ (የፎቶው ንብርብር) ላይ እንዳለ ስለሚቆይ ቁጥሩን በኋላ መቀየር ትችያለሽ። አሮጌው ስሪት ካለሽ አዘምኚው። ሌየር፣ ማስክ (ማስተካከያውን በተመረጠ ቦታ ብቻ የሚያሳይ መሸፈኛ)፣ ከርቭ፣ ክሎን (አንዱን ቦታ በሌላው ላይ መቅጃ)፣ ሂል (ጉድፍ ማጽጃ)፤ እነዚህን ጂምፕ ላይ ያወቀ ሰው ፎቶሾፕ ላይ አዲስ አይሆንም።

የሚያዳልጠው እጅሽ ነው። ጂምፕ ላይ ሲ ፊደልን ስትጫኚ ክሎን ይመጣል፤ ፎቶሾፕ ላይ ግን መቁረጫው ነው የሚመጣው። ብራሽ ጂምፕ ላይ ፒ፣ ፎቶሾፕ ላይ ቢ ነው። በፈተና ቀን እጅሽ ሲሳሳት ችሎታሽ የጎደለ ይመስላል። መፍትሔው ፎቶፒያ ነው፤ በብራውዘር የሚከፈት፣ ማስታወቂያ ያለው ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን ገጽታውና ቁልፎቹ ከፎቶሾፕ ጋር እጅግ ይቀራረባሉ፣ የፎቶሾፕን ፒኤስዲ ፋይልም ይከፍታል። ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፤ የሚሠራው አንቺው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ አለቃሽን አስፈቅደሽ አንድ ሰዓት በፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር መለማመድም ይቻላል፤ ፎቶሾፕ ተጭኖበት እንደሆነ እይ። አፊኒቲም በፈረንጆች ከጥቅምት 2025 ወዲህ በነፃ ይሰጣል፤ የካንቫ አካውንት ብቻ ይጠይቃል። የማተሚያ ቤት ሥራ ካሰብሽ ከጂምፕ የሚበልጥበት ነገር አለ፦ ፋይሉን ከመነሻው በአራቱ የኅትመት ቀለሞች መሥራት ያስችላል። ጂምፕ ግን የሚሠራው በአርጂቢ (በስክሪን ቀለሞች፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ነው፤ ወደ ኅትመት ቀለም የሚለውጠው ሲያወጣ ብቻ ነው።

የፎቶሾፕን ወርሃዊ ክፍያ አሁን አትግቢበት። በፈረንጆች ከ2013 ጀምሮ የፎቶሾፕ አምራች አዶቤ ትኩረቱን ወደ ወርሃዊ ክፍያ አዙሯል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ የሚቀበለው ካርድ ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደመወዝሽ ላይ ኤዲተርነት ሲጨመርበት ይደረስበታል። ክራክ የተደረገውን (ፈቃዱ ተሰብሮ የሚዞረውን) በፍላሽ የሚሰጥሽ አይጠፋም። ከሕጉ ሌላ የሚያመጣው ጣጣ አለ፦ ክራኩ ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፊ ይልሻል፣ ከዚያ በዚያው ፍላሽ የደንበኛ ፎቶ ወደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ታመላልሻለሽ። የአንድ ሙሽራ ፎቶ በቫይረስ ቢቆለፍ ሠርጉ አይደገምም።

8 ጊጋ ራም ይበቃል ወይ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው። በ8 ቢት የቀለም ጥልቀት አንድ ሌየር 72 ሜጋባይት ይይዛል፣ በ16 ቢት 144። አሥር ሌየር በ16 ቢት ማለት 1.44 ጊጋ ነው፣ የኋልዮሽ መመለሻውን ሳይጨምር። ዊንዶውሱና ብራውዘሩ ከወሰዱት በኋላ 8 ጊጋው ለአንድ ፎቶ ይበቃል፣ አምስት ፎቶ ለከፈተ ሰው አይበቃም። ራሙ ሲሞላ ሶፍትዌሩ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል፤ ዲስክሽ አሮጌው ተሽከርካሪ ዓይነት ከሆነ ያኔ ነው ላፕቶፑ የሚሞተው። ገንዘብ ካገኘሽ ቅድሚያ ለኤስኤስዲ (ለፈጣኑ የማይሽከረከር ዲስክ)፣ ቀጥሎ ለራም ስጪ። ድንገት መብራት ቢጠፋ ሥራሽ እንዲተርፍ ፎቶሾፕ በየአሥር ደቂቃው መመለሻ ያስቀምጣል፣ ወደ አምስት ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ጂምፕ በሰዓት ቆጥሮ አያስቀምጥም። ባትሪሽ የደከመ ከሆነ በየእርምጃው ማስቀመጥን እጅሽ ይልመደው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፤ ሥራ የሚያስይዝሽና የሚያሳጣሽ ይህ ነው። የሐበሻ ልብስ ነጭ ነው፣ የለበሰው ሰው ቆዳ ጠይም ነው። ፊቱ እንዲታይ ብርሃን ስትጨምሪ የነጠላው ፈትል ይጠፋል፣ ነጠላውን ስታድኚ ፊቱ ይጠቁራል። ሁለቱን በአንድ ተንሸራታች ለማስታረቅ አትሞክሪ። መጀመሪያ ሃይላይቱን (ደማቁን ቦታ) ዝቅ አድርገሽ የልብሱን ድርና ማግ መልሺ፣ ነጩ ቦታ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ሲለካ ከ240 እስከ 245 ላይ ይቁም፤ 255 ከደረሰ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ነው የሚታተመው። ከዚያ በማስክ ፊቱን ብቻ አብሪ። ጄፔግ ላይ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፤ ራው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ለዚህ ነው ስቱዲዮ ራው የሚያነሳው።

የድንኳኑ ቀለም ሌላው ፈተና ነው። ሰማያዊ ወይም ቀይ ድንኳን ሥር ሁሉም ሰው የድንኳኑን መልክ ይይዛል። በዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያ) መልቀሚያው ነጩን ልብስ ትነኪያለሽ፤ ነገር ግን የእጅ ፈትሉን ምረጪ። የፋብሪካ ነጭ ጨርቅ ማንጫ ኬሚካል ስላለው በደጅ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በእሱ ከለካሽ ፎቶው ሁሉ ቢጫ ይሆንብሻል። መጨረሻ ላይ ቆዳውን በቁጥር አረጋግጪ፦ ቀዩ ከፍተኛ፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ሰማያዊው ዝቅተኛ መሆን አለበት። አረንጓዴው ወደ ቀዩ ከተጠጋ ሰውየው የታመመ ይመስላል።

«ትንሽ ቀይ አድርጊኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣል፣ ታውቂዋለሽ። ፊቱን አቅልተሽ አንገቱንና እጁን ከረሳሽ ጭንብል ያጠለቀ ይሆናል። ቆዳ ስታለሰልሺም ቀዳዳዎቹን ፈጽመሽ አታጥፊ፤ ማለስለሻ ሌየሩን ወደ 40 በመቶ አውርጂና በክንድ ርቀት እዪው። በ200 በመቶ አጉልተሽ ያጸዳሽው ፊት ሲታተም ፕላስቲክ ነው።

አሁን የምትሠሪው ጉርድ ፎቶ ላይም ትክክለኝነትሽን ማሳየት ትችያለሽ። 3 በ4 ሴንቲሜትር በኢንች 300 ነጥብ ሲሠራ 354 በ472 ነጥብ ይሆናል፤ በ10 በ15 ወረቀት ላይ ለመቁረጫ ክፍተት ትተሽ ዘጠኝ ይወጣልሻል። የአሜሪካ ቪዛና የዲቪ ፎቶ ግን ሌላ ነው፦ አራቱ ጎኖቹ እኩል፣ ከ600 እስከ 1,200 ነጥብ፣ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ ጄፔግ፣ ጭንቅላቱ ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ። 600 ነጥብ ላይ ይህ ከ300 እስከ 414 ነጥብ ማለት ነው። መነጽር አይፈቀድም፣ ከስድስት ወር የቆየ ፎቶ አይሆንም፣ ፊትን በኤዲቲንግ መነካካት ደግሞ ክልክል ነው። እዚህ ላይ የኤዲተርነት ሙያሽ እጅን መሰብሰብ ነው።

ፋይል ስታስረክቢ የሚጠይቁሽ ስለ ቀለም ነው። ለፎቶ ላብ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም መለኪያ) ጄፔግ ስጪ። ካሜራው አዶቤ አርጂቢ (ሰፋ ያለው የቀለም መለኪያ) ላይ ከነበረ «ኮንቨርት» አድርጊ እንጂ «አሳይን» አታድርጊ፤ ኮንቨርት መልኩን ጠብቆ ቁጥሩን ይለውጣል፣ አሳይን ቁጥሩን ትቶ መልኩን ይለውጣል፣ ሙሽራይቱም ደብዝዛ ትወጣለች። ሥራሽን በፒኤስዲ ወይም በጂምፕ ፋይል ዓይነት በኤክስሲኤፍ ያዢ፤ ጄፔግን እየከፈቱ ደጋግሞ ማስቀመጥ በየጊዜው ጥራት ይበላል። አልበም ላይ የሙሽሮቹን ስም በግእዝ ፊደል ስትጽፊ ፊደሉ ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር የሚነበበው የፊደል ሥርዓት) መሆኑን አረጋግጪ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሆኑሻል። በቆየው የዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ለማመልከቻሽ 12 ፎቶ ይበቃል፤ ስድስቱን ከመስተካከላቸው በፊት ከነበሩበት ጋር አስቀምጪ፣ ስድስቱ ደግሞ ከአንድ ዝግጅት ተመሳስለው የተስተካከሉ ይሁኑ። የደንበኞችን ፊት ከማሳየትሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ። ሁለቱን በ30 በ40 አሳትመሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ፋይሉም 3,543 በ4,724 ነጥብ ይሁን። ስቱዲዮው በር ላይ «ፎቶሾፕ ትችያለሽ?» ሲሉሽ «ጂምፕና ፎቶፒያ ላይ ሠልጥኛለሁ፣ ቁልፎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አሥር ራው ፋይልና አንድ ሰዓት ስጡኝ» በያቸው።