ደረጃ ስትወርዱ የሚያማችሁ ጉልበት

ልጆቼ፣

በ2014 ዓ.ም. ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን ከዓለም ዋንጫ ያስቀረችው አንዲት ግብ ናት። ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጥታ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በመልሱ ጨዋታ አቡጃ ላይ የእኛዎቹ መረባቸውን ሳያስደፍሩ 0 ለ 0 ወጡ። አለቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺው ናይጄሪያ ህንድ ላይ ጀርመንን በመለያ ምት ረትታ ከዓለም ሦስተኛ ሆነች።

የአቡጃውን ውጤት የሰማሁት ጡረታ ወጥቼ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ በሬዲዮ ነው። ጎረቤቴ ስለ አጥቂዎቹ፣ ስለ አሰላለፉ አነሳ። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነበር። ስለእነዚያ ልጆች የማውቀው ነገር የለም፤ አብሬያቸው አልነበርኩም። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ከተሰለፉት አሥራ አንዱ ውስጥ ያመማትን ደብቃ የገባች ስንት ናት?

እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። ነርስ ነበርኩ፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ዓመታት ደግሞ የሴቶች ቡድን ወጌሻ ሆኜ ሠራሁ። ልጆቹ ሲስተር ይሉኛል። የበረዶ ሣጥኔንና ፋሻዬን ይዤ በመስመሩ ዳር ስቀመጥ ሰው ሁሉ ኳሷን ያያል፣ እኔ ግን አረማመዳችሁን አያለሁ። አንዲት ልጅ ስትሮጥ አንደኛው ተረከዟ መሬት ሳይነካ ከተነሳ፣ ውጤቱ 3 ለ 0 ቢሆንም ለእኔ ጨዋታው ተበላሽቷል።

ለምን እንደምትደብቁ አውቃለሁ። በአፍሪካ የእናንተ ዕድሜ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንደ ትልልቆቹ የአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ላይ ተሰባስቦ፣ በምድብ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ደርሶ መልስ ነው፤ ሁለት ጨዋታ፣ ከዚያ ወይ ታልፋላችሁ ወይ ሻንጣችሁን ትሸክፋላችሁ። የሚቀጥለው ማጣሪያ ሲመጣ ደግሞ ዕድሜው አልፏል፣ ማሊያው ለታናሾቻችሁ ተሰጥቷል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም አበባ ይዞ የሚጠብቀው ሰው የሚመጣው ላሸነፈ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጉልበቴን አመመኝ» ማለት ለአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ዕድሌን ለተቀያሪዋ ስጧት» ማለት ሆኖ ይሰማታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ተረቱ ግን ነገ ጠዋት ስለሚለጠፈው የተሰላፊዎች ዝርዝር የሚለው ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ በየዓመቱ ሞሮኮ ላይ ይካሄዳል፤ እስከ 2029 ድረስ። ተሳታፊዎቹ ከ16 ወደ 24 ከፍ ብለዋል፤ አፍሪካም አምስት ቦታ አግኝታለች። እህቶቻችሁ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያገኙት የነበረውን በር እናንተ በየዓመቱ ታንኳኩታላችሁ። የጎረቤቶቻችንም ነገር ከንቱ ተስፋ እንዳልሆነ ያሳያል። ታንዛኒያ በዚያው የህንድ ውድድር ፈረንሳይን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገብታለች። ኬንያ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያለ ግብ ተለያይታን ናይሮቢ ላይ 3 ለ 0 ረታችን፤ ቀጥላም ቡሩንዲን ጥላ የዓለም ዋንጫው ወደተካሄደባት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደረሰች። ከዕድሜ ቡድኑ በኋላም ኳስ አለ፤ አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ውስጥ ለቢርኪርካራ ክለብ ግብ ስታዘንብ፣ ኋላም ዋሽንግተን ላይ ለዲሲ ፓወር ክለብ ስትፈርም ልጅነቷ አልፎ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ቡድኑንም ልጅቷንም አልጠቅስም። የክንፍ ተጫዋች ነበረች፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ታኬታዋን በጥርስ ብሩሽ የምታጸዳ። ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ መጣችና «ሲስተር፣ ጉልበቴ አንዳንዴ ይከዳኛል» አለችኝ። ያመኛል አላለችም። ይከዳኛል ነው ያለችው። ይህች ቃል ለወጌሻ ከሕመም ትብሳለች፤ የሚከዳ ጉልበት ውስጡ የሚይዘው ነገር ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላልና። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት፤ እብጠት አልነበረውም። አሰልጣኙ በር ላይ ቆሞ «ትደርሳለች አይደል?» አለኝ። እኔም ልጅቷን አየሁ፣ ዓይኗን አየሁ፣ «ትደርሳለች» አልኩ። በፋሻ ጠቅልዬ አስገባኋት።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ማንም ሳይነካት ዞር ስትል ወደቀች። በጉልበቷ መካከል የምታልፈው ጅማት ተበጥሳ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት በቀዶ ሕክምና ቢጠገን እንኳ ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል፤ ለእሷ ግን የሚያክማት ቀርቶ ራጅ የሚያስነሳት እንኳ ጠፋ። ዛሬ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ጡረታዬን ለመቀበል ስሄድ አልፎ አልፎ አገኛታለሁ። ከፎቁ ስትወርድ መደገፊያውን ይዛ፣ ሁልጊዜ ግራ እግሯን አስቀድማ፣ አንድ በአንድ ነው። ታቅፈኛለች፤ ሻይ ልጋብዝሽ ትለኛለች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ብትወቅሰኝ በተሻለኝ።

ይህን የማወራው ላስፈራራችሁ አይደለም። ይህች ጅማት በሴቶች ላይ የምትበጠሰው ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ በልጦ እንደሆነ በሙያው ሲታወቅ የቆየ ነው፤ መከላከያውም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኖርዌይ ጥናት አለ፤ በእናንተው ዕድሜ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ልጃገረዶች ላይ የተደረገ። ከልምምድ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ የሰውነት ማሟሟቂያ የሠሩት ልጆች ከባድ ጉዳት ካልሠሩት በግማሽ ገደማ ቀነሰላቸው። ውድ ዕቃ አይፈልግም። በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን ወደ ውስጥ ሳያጥፉ ማረፍ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዛ ተንበርክኮ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መውረድ። በፕሮጀክት፣ ማለትም በታዳጊዎች ማሠልጠኛ ደረጃ ያላችሁ፣ ኳስ እንኳ ለሦስት የምትካፈሉ፣ ይህን አቧራ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁለት ዙር ሮጣችሁ «ሞቀን» የምትሉት ነገር ነው። የሞቀው ፊታችሁ ነው፤ ጉልበታችሁ ገና አልነቃም።

ከፍታው ያሸንፍልናል የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ እንግዳው ትንፋሽ ያጥረዋል ይባላል። ናይጄሪያዎቹ ያቺን ግብ ያገቡት እዚሁ ከፍታ ላይ ነው።

ትንፋሽ ካነሳን፣ ከሕመም ሁሉ የበለጠ የምትደብቁት የደም ማነስን ነው፤ ብዙ ጊዜም ደብቃችሁት ሳይሆን ሳታውቁት። በየወሩ ደም የሚፈሳት፣ በየቀኑ የምትሮጥ፣ ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ ብረት ቶሎ ያልቅባታል። ምልክቱን ሰው ስንፍና ይለዋል፦ መክሰል፣ ማዞር፣ ሰባኛው ደቂቃ ላይ እግር መጎተት። ጾመኞች ከሆናችሁ ጹሙ፤ ከእምነታችሁ ጋር የምጣላ ሰው አይደለሁም። ግን ለቡድኑ ምግብ አብሳይ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ምስሩም ሽሮውም ጎመኑም ይብዛ፣ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ቲማቲም ከጎኑ ይኑር፤ ሰውነት ብረቱን የሚወስደው በዚህ ነው። ቡናውንና ሻዩን ደግሞ ከማዕዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት። ምሳ እንደተበላ የሚቀርበው ሻይ የበላችሁትን ብረት ከአፋችሁ እንደሚነጥቅ ቁጠሩት። በረመዳን የምትጾሙም አሰልጣኙ የልምምድ ሰዓቱን እንዲያውቅ አድርጉ፤ ጠይቃችሁት የሚቆጣ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ስለ ወር አበባ ደግሞ በሹክሹክታ ማውራት ይብቃን። አንዲት ልጅ ነጭ ቁምጣ ለብሳ ዘጠና ደቂቃ ስለ ኳሷ ሳይሆን ስለ ቁምጣዋ ስታስብ አይቻለሁ። የእንግሊዝ ሴቶች እ.ኤ.አ. ለ2023ቱ ዓለም ዋንጫ ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ አስቀይረዋል፤ ጠይቀው ነው የተቀየረላቸው። በእኔ ሻንጣ ውስጥ ሞዴስ ከፋሻው ጎን ይቀመጥ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ የሚወስዱት። ወጌሻችሁ ወንድ ከሆነም ይህ የሥራው ክፍል ነው። እሱ ካፈረ እናንተ አትፈሩ።

የዕድሜን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ስለሚያናድደኝ። «ሁለት ዓመት ቀንሺ» የሚላችሁ ሰው ቢኖር ያ ወረቀት ፓስፖርታችሁ ላይ፣ የትምህርት ማስረጃችሁ ላይ፣ ነገ የምትፈርሙት ውል ላይ እየተከተለ ይኖራል። እሱ ግን አብሯችሁ አይኖርም።

ከባንኳ ልጅ በኋላ አንድ ነገር ጀመርኩ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት እያንዳንዷ ሦስት ነገር እንድትጽፍ አደረግሁ፦ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ የት ያምሻል፣ መቼ ያምሻል። ከአሰልጣኙ ጋርም ተስማማን፤ ያመማትን የጻፈች ልጅ በዚያ ምክንያት ብቻ ከቡድን አትቀነስም፣ ስለ እሷ የሚወሰነውም እሷ ባለችበት ነው። ለልጆቹ ይህንን ፊታቸው ቆሞ እንዲነግራቸው ለመንኩት፤ እያቅማማም ቢሆን ነገራቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደብተር እስካሁን አለኝ። ሃያ ሦስት ስም፣ ሃያ ሦስት «ደህና»። በሁለተኛው ቀን ደህና፣ በአምስተኛው ቀን ደህና። ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ ያበጠው ተከላካይ ሳትቀር «ደህና» ብላ ጽፋለች፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት። በዘጠነኛው ቀን ግን ከሁሉ ዝምተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ግብ ጠባቂ፣ ከስሟ ጎን እንዲህ ጻፈች፦ «ግራ ጉልበቴ። ደረጃ ስወርድ።»

አራት ቀን ከዝላይ አስወጣናት፣ ጭኗን አጠናከርን፤ አሰልጣኙም ቃሉን ጠበቀ፣ ስሟ ከዝርዝሩ ላይ አልወጣም። እሷ በጻፈች በማግስቱ ደብተሩን ስከፍት «ደህና» ያላሉት አምስት ሆነው አገኘኋቸው።