ከውድድር በፊት ቡና ስለ መጠጣት ለጠየቅህ ወንድሜ

ከ10 ኪሎ ሜትር ውድድር በፊት ቡና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለህ ለጠየቅኸው፣ እኔም እንዳንተ ደሴ ላይ ልምምድ እየሠራሁ፣ በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ የተወዳደርሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

አንደኛ፣ ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ በእርግጥ ይሠራል። አንጎል ውስጥ የድካም ስሜት የሚያመጣውን አዴኖሲን የተባለውን ንጥረ ነገር መቀበያውን ስለሚዘጋበት፣ የለመድኸው ፍጥነት ቀለል ይልሃል። ጥናቶች የሚደግፉት መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ከ180 እስከ 360 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲሆን መንቀጥቀጡና የልብ ትርታው ይበረታል። የተከለከለ ነው የሚሉህን አትስማ፤ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዝርዝሩ አውጥቶታል። በርጫ ግን ሌላ ነው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ከተገኘ ያስቀጣል።

ሁለተኛ፣ ከመነሻው አንድ ሰዓት ያህል ቀድመህ ጠጣ። አቦል ከቶና፣ የአንዱ ቤት ጀበና ከሌላው ስለሚለያይ ግን ሲኒ በመቁጠር መጠኑን ማወቅ አይቻልም። እኔም ክኒን ፍለጋ የወጣሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። ኮምቦልቻ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ንጹሕ የካፌይን ክኒን እንዳለ በትሕትና ስጠይቅ፣ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ያው ካፌይን ነው» ብሎ የራስ ምታት ማስታገሻ ወረወረልኝ። ጀርባውን ሳነበው በአንዱ ፍሬ ውስጥ ከ65 ሚሊ ግራም ካፌይን ጋር 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አለበት፤ የሚበቃኝን ካፌይን ለማግኘት ምንም ሳያመኝ አንድ ግራም ተኩል ፓራሲታሞል ልውጥ ማለት ነው። ይህንኑ ብነግረው «ሯጭ ነህ ወይስ ሐኪም?» ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። እሽጉን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ፤ በዚህም እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ በኋላ የሚገባው ልጅ ሳያነብ ይውጠዋል የሚለው ሐሳብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ እናቴ ጀበና ተመለስሁ። ቡናውንም ውኃውንም የሲኒውንም ብዛት ሳልቀይር በረጅም ሩጫ ቀናት ሞከርሁት፤ ሆዴ እንደሚችለው ካረጋገጥሁ በኋላ ብቻ ውድድር ላይ ተጠቀምሁበት፤ የራሴን ምርጥ ሰዓትም ያስመዘገብሁት እንዲሁ ነው። ለማታ ልምምድ ግን አትጠጣ፤ ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ እንቅልፍ ይነሣሃል። በውድድሩ ማለዳም ጓደኛህ ቢሆን እንኳ የሚያቀብልህን ያልሞከርኸውን ማበረታቻ መጠጥ አትቀበል።