ጥያቄና መልስ፦ ሞተሪኖውን ገና አትንካው

የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ተጠራቅመዋል። አንዱ ረጅም መልስ ስለሚፈልግ ሌሎቻችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

የአዘዞው ወንድሜ ስትሮኩ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርቀት) ከነባሩ በ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክራንክሻፍት (በፒስተኖቹ ግፊት የሚዞረውን ዋና ዘንግ) አግኝቶ አሮጌ የቤንዚን ፒካፑ ላይ እየገጠመ ነው። ሊማሊሞን በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ሰልችቶታል። «ብሎኩ ውስጥ ልክ ብሎ ገብቷል፤ ምን ቀረኝ? ለጥምቀት መድረስ አለበት» ይላል።

ገባ ማለት ዞረ ማለት አይደለም። ስትሮኩ በ6 ሚሊ ሲረዝም ፒስተኑ 3 ሚሊ ወደ ላይ፣ 3 ሚሊ ወደ ታች ይጨምራል። በድሮው ፒስተንና ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) ከሄድክ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ሊመታ ይችላል። ፒኑ (ቢየላው የሚያያዝበት) ከፍ ብሎ የተበሳ ፒስተን ወይም አጠር ያለ ቢየላ ያስፈልግሃል። ታች ደግሞ የቢየላው ቡሎን ከሲሊንደሩ የታች ጠርዝ ጋር ይጠጋጋል። እዚያ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ክፍተት ይኑርህ። ሞተሩ ሲሮጥ ብረቱ ይለጠጣል። ፒስተኑ ታች ሲደርስ ከክራንኩ የሚዛን ክብደት ጋር እንዳይነካካ እይ። ኮፓውን (ታች ያለውን የዘይት ገንዳ) እና የዘይት መሳቢያውንም አትርሳ።

ደግሞ ሁሉንም ሲሊንደር። እኔ በጎረምሳነቴ አንደኛውን ለክቼ «ሌሎቹም ያው ናቸው» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ብሎኩ በፋብሪካ ቀልጦ ሲሠራ የተረፈ የብረት ጉብታ ነበር። ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ስነካው ጠቅ አለና ቆመ። ፈትቼ ሳየው ብሎኩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ። ቡሎኑ ተጣሟል። የአንድ ወር ደሞዜ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ክራንኩን በመፍቻ ቁልፍ፣ በእጅህ፣ ቀስ እያልክ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ካምሻፍቱ (የመግቢያና የማስወጫ ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) አንዴ የሚዞረው ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ነው። ከያዘህ አታስገድደው፤ የያዘውን ፈልግ። ክራንኩን ባላንስ ሳታስደርግ ደግሞ እንዳትገጥመው። የባላንስ ማሽን ያለው ቤት ፈልግ፤ አዲስ አበባም ቢያስኬድህ ሂድ። ይሄን በግምት የሚሠራልህ ሰው ካገኘህ ሽሽ። ጥምቀት እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል።

የአውቶ መካኒክ ተማሪዋ በባልቦላና በፒስተን መሃል ያለው ክፍተት በፕላስቲሲን ይለካል ሲባል ሰምታ «በዳቦ ሊጥስ?» ትላለች።

ሊጡን ለእናትሽ መልሺላት፤ ባልቦላው ላይ ተጣብቆ ልኩን ያበላሽብሻል። የልጆች ፕላስቲሲን ዘይት ቀባ አድርገሽ ፒስተኑ አናት ላይ ለጥፊ። ቴስታታውን በአሮጌ ጓርኒሲዮን (በመሃል በሚገባው ማሸጊያ) እሰሪ፣ ታይሚንጉን (የክራንኩንና የካምሻፍቱን አገጣጠም) አስተካክዪ፣ ሁለት ዙር አዙሪ። ከዚያ ፍቺና ፕላስቲሲኑን በምላጭ ቆርጠሽ ስሱን ቦታ በካሊፐር ለኪ። ለእንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር በመግቢያው 2፣ በማስወጫው 2.5 ሚሊ ገደማ ሲቀር ደስ ይለናል። የማስወጫው የሚበልጠው ባልቦላው ስለሚግልና ሲዘጋ ፒስተኑ ከኋላው ስለሚያሳድደው ነው።

«አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከካርቶኑ ወጥቶ በቀጥታ ይገባል አይደል?»

አይገባም። ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡትና በፒስተን ገፍተው ቀጥ ያድርጉት። አፉን (በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለውን ክፍተት) በፊለር ጌጅ (በስስ የመለኪያ ብረቶች) ይለኩ። ለተራ ሞተር በየ25 ሚሊ የሲሊንደር ስፋት 0.1 ሚሊ ነው፤ ለ92 ሚሊ ሲሊንደር 0.37 ገደማ። ከጠበበ ሲግል ጫፍና ጫፉ ይገጥምና ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል።

ጋሼ አንድ አንባቢያችን ብሮንዚናን (የክራንኩ አንገት የሚዞርበትን ስስ ብረት) በእጅ ነቅንቀው ልኩን እንደሚያውቁ ጽፈዋል። የ50 ሚሊ የክራንክ አንገት የሚፈልገው ክፍተት 0.05 ሚሊ ገደማ ነው፤ ከፀጉር አይወፍርም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ግን ፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ ክፍተቱን የሚያሳይ የፕላስቲክ ክር) ይግዙ።

«ባጃጅ ላይስ ስትሮክ ማስረዘም ይቻላል?» መጀመሪያ ፍሬኑን አሠራው።

የመጨረሻው መተማ የሚመላለሱ ሰው ናቸው። ቴስታታው ከታደሰ ወዲህ ጎንደር ላይ ፀጥ ብሎ የሚሄደው ሞተር ቆላ ሲወርድ ያንኳኳል።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይሞላ ኮምፕሬሽኑ (አየሩና ቤንዚኑ የሚጨመቅበት መጠን) ቢበዛም አይታወቅም። መተማ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ኢግኒሽኑን (የካንዴላውን እሳት) ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያሳዩት። ከዚያ በፊት ግን ቴስታታው ሲላግ ኮምፕሬሽኑ ስለሚበዛ፣ ስንት ሚሊ እንደተላገ ያደሰውን ሰው ይጠይቁና ይጻፉልኝ። እስከዚያ ቆላ ላይ ጭነት ይቀንሱ።